ስለ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ትምህርት፣ ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ኦርቶፔዲክስ ከጨረስክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። ክልል ላይ ብቻህን ነህ። የአከርካሪ ሕመምተኛ በየሳምንቱ ይመጣብሃል። ያጠራቀምኩትን ብር ውጭ አገር ኮርስ ላይ ላውለው ወይስ ኦንላይን እየተማርኩ ልቆይ ነው ያልከው። እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍኩ የሚሰማኝን ልጻፍልህ።

ብሩን ለጊዜው አትንካው። መጀመሪያ ምርመራህን አጥራ።

ስፔሻሊቲ በጨረስኩበት ዓመት አንድ ወጣት ግንበኛ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሌሊት መጣ። አንገቱ ተጎድቷል። እግሩን ጨርሶ አያንቀሳቅስም። ከደረቱ በታች ስነካው «አይሰማኝም» አለኝ። ካርዱ ላይ «ኮምፕሊት» (ህብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ ተጎድቷል) ብዬ ጻፍኩና ሪፈሩ ለጠዋት ይደር አልኩ። ጠዋት ለዘመቻ የመጡ አንድ ሲኒየር ራውንድ ላይ ካርዱን አነበቡ። ምንም አላሉኝም። ጓንት አጠለቁ፣ መጋረጃውን ሳቡ፣ ፊንጢጣውን በጣታቸው መረመሩ። ልጁ ቀስ ብሎ «ይሄስ ይሰማኛል» አለ። በዚያች ቃል የህብለ ሰረሰር ጉዳት መጠን የሚለካበት የኤዥያ ደረጃው ከኤ ወደ ቢ፣ ማለትም ከሙሉ ጉዳት ስሜት ወደቀረለት ጉዳት፣ ተቀየረ። እኔ ያንን ምርመራ ዘልዬው ነበር። አንድ ቃል ስለጻፍኩ ሌሊቱን ማንም አልቸኮለለትም። ያቺ የራሴ ጽሕፈት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ኮርስህ የኤዥያ ቅጽ ይሁን። በነጻ ይገኛል። በየጎኑ 10 ጡንቻ አለ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይለካል። ክርን ማጠፍ ሲ5 (አምስተኛው የአንገት ነርቭ)፣ የእጅ አንጓን ወደ ላይ ማንሳት ሲ6፣ ክርን መዘርጋት ሲ7፣ እያልክ እስከ ኤስ1 ትወርዳለህ። መጨረሻ ላይ የፊንጢጣው ምርመራ አለ፤ እሱን ሳታደርግ «ኮምፕሊት» የሚለውን ቃል አትጻፍ። ለ20 ሕመምተኞች በእጅህ ሙላው። ከዚያ በኋላ ንግግር ስትሰማም ጥናት ስታነብም ሌላ ሰው ትሆናለህ።

ጊዜው ለምን እንደሚያስቸኩል የገባኝም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ስታስሲስ የተባለው ጥናት አንገታቸው ላይ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ 313 ሰዎችን ይዞ ነበር የተነሳው። ክትትላቸው ከተሟላው መካከል በስድስት ወር ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ የተሻሻሉት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተሠሩት 19.8 በመቶ፣ ዘግይተው ከተሠሩት ደግሞ 8.8 በመቶ ናቸው። በዕጣ የተመደቡ አልነበሩም፣ ስለዚህ እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰደው። ለኔ ግን ሪፈር ወረቀት በሌሊት ለመጻፍ ይበቃኛል።

ሁለተኛው ነገር፣ የተማርከውን መልሰህ መፈተሽ ነው። እኛ ሬዚደንት ሳለን ለህብለ ሰረሰር ጉዳት የሚሰጠውን ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ በቃላችን ነበር የምንወጣው፦ 30 ሚሊግራም በኪሎ በአንዴ፣ ከዚያ 5.4 በኪሎ በሰዓት ለ23 ሰዓት። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሁለተኛው ናስሲስ የተባለው ጥናት ነው። በ2013 የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ አትስጡ አለ። በ2017 ደግሞ ኤኦ ስፓይን የተባለው ዓለም አቀፍ የአከርካሪ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከተጎዳ በ8 ሰዓት ውስጥ ለደረሰ ሰው እንደ አማራጭ ሊታይ ይችላል አለ። እኔ ጋ የሚመጣው ሕመምተኛ አብዛኛው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አልሰጥም። አንድ ሰው በቃሉ የያዘውን ዶዝ ይዞ ጡረታ ሊወጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው በዓመት አንዴ እንኳ መመሪያዎቹን ከልብ ቁጭ ብሎ ማንበብ የሚያስፈልገው።

የጀርባ ቲቢም እንደዚያው ነው። አንተ ጋ ብዙ እንደሚመጣ አልጠራጠርም። የብሪታንያው የሕክምና ምርምር ካውንስል ኮሪያ ውስጥ፣ ማሳንና ፑሳን ላይ ያስጠናቸው ጥናቶች መድኃኒቱን በደንብ ለሚወስድ ሰው ወራት መተኛትም ሆነ የጄሶ ጃኬት የተለየ ጥቅም እንደማይጨምሩ ካሳዩ ስንት ዓመት ሆናቸው! አሁንም «አልጋ ላይ ይቆይ» የሚል ትዕዛዝ አያለሁ። ቢላ የሚያስፈልገው እግሩ እየደከመ ለሄደ፣ ጀርባው በጣም ለጎበጠ፣ መድኃኒቱ አልሠራ ላለው ወይም ምርመራው ላጠራጠረ ነው። የትኛውን መሥራት እንደሌለብህ ማወቅ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ወደ እጅ ሥራው ልምጣ። እኔ ፔዲክል (ስክሪው የሚገባበትን ጠባብ የአከርካሪ አጥንት ድልድይ) ፍለጋን የተለማመድኩት በበግ አጥንት ነው። ከሰፈሬ ሥጋ ቤት የወገቡን አጥንት ገዝቼ በሞርሳ አስረዋለሁ። በቀጭን ወስፌ ቀስ እያልኩ እገባለሁ። መንገዱ ትክክል ሲሆን ወስፌው እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንደሚሄድ እኩል እየተንሸካሸከ ይገባል። ድንገት ከላላ ግድግዳው ተበስቷል ማለት ነው። ከዚያ አጥንቱን በመጋዝ ከፍዬ የት እንደሄድኩ አያለሁ። የበግ አጥንት ከሰው ይጠነክራል፣ ቅርጹም አንድ አይደለም። ግን ጣትህ ያንን መላላት ይለምደዋል። ካዳቨር (ለትምህርት የሚውል አስከሬን) ያለበት ኮርስ ስታገኝ ያኔ ሂድ፣ እጅህ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ በየዓመቱ የሚሰጠውን የኤኦ ኮርስ አልነቅፍም፣ ጥሩ ነው። ግን እዚያ የምትይዘው ዕቃ ተመልሰህ ስትመጣ አይኖርህም። ለኔ የበለጠ የጠቀመኝ ብዙ አከርካሪ በሚሠራበት አገር ውስጥ ባለ ሆስፒታል የቆየሁባቸው ስድስት ሳምንታት ናቸው። ያለንን ስክሪው፣ ያለንን ሲ-አርም (ቀዶ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ራጅ) ይዘው ሲሠሩ አየሁ። ሲደማባቸው ምን እንደሚያደርጉም አየሁ። ጠመዝማዛ ጀርባ ላይ ማተኮር ከፈለግህ ግን ልጆቻችን የሚላኩበትን ጋና፣ አክራ ያለውን ፎከስ ሆስፒታል አስብ። ያ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው።

ኦንላይኑን በተመለከተ፣ ብቻህን ቪዲዮ ማየት ብዙም አይዘልቅም። ሦስት አራት ሆናችሁ በቴሌግራም በሳምንት አንድ ኬዝ ተነጋገሩ። ኤምአርአዩን ከመክፈታችሁ በፊት ጉዳቱ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ከምርመራው ብቻ እያንዳንዳችሁ ጻፉ። የሕመምተኛው ስም ፊልሙ ላይ እንዳይታይ አደራ። የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ትምህርት) ነጥብ ለፈቃድ እድሳት ያስፈልጋል፣ ግን ኮርስ በነጥቡ አትምረጥ።

አንድ የረሳሁት፦ ነርሶችህን አብረህ አስተምር። ሕመምተኛውን አንገቱንና ወገቡን በአንድ መስመር ይዘው ማዞር ካልቻሉ፣ አልጋ ላይ የሚወጣው ቁስል የሠራኸውን ሁሉ ያበላሸዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ አንተ ራስህ አልጋው ላይ ተኛና ያዙሩህ።

ሲ-አርም አላችሁ? ሲቲ የት ነው የምታሠሩት? ባለፉት ሦስት ወራት የመጡብህን የአከርካሪ ሕመምተኞች ቁጥርና ዓይነት ከመዝገብ አውጥተህ ጻፍልኝ፣ የት ብትሄድ እንደሚሻልህ ከዚያ ተነስተን እንነጋገራለን።