ኬክሮስ ወይስ ኬንትሮስ?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንት መርከበኞች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። በጨረቃ ሰንጠረዥ ያገኙ የነበረው ኬክሮስን ነው ወይስ ኬንትሮስን? ሁለቱ ሁሌም ይምታቱብኛል። ሰንጠረዡ ያለበትን መጽሐፍስ «የመርከበኞች ባሕረ ሐሳብ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ኬንትሮስን ነው። የሚምታታው ደግሞ በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ታትሞም ተገልብጦ አይቻለሁ።

ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል። መርከበኛው በቀትር የፀሐይን፣ በሌሊት የሰሜን ኮከብን ከፍታ ለክቶ ያገኘዋል። ኬንትሮስ የምሥራቅና የምዕራብ ነው። ራስ ምታቱ እሱ ነበር፤ ነገሩ የሰዓት ነዋ! ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ያሉበትን ሰዓትና ኬንትሮስ ከዜሮ የሚቆጠርባትን የእንግሊዟን የግሪንዊችን ሰዓት ካወቁ፣ ልዩነቱ ኬንትሮስዎን ይሰጥዎታል። ግን ባሕር መሀል የግሪንዊችን ሰዓት ማን ይንገርዎት?

ጨረቃ። በከዋክብት መካከል በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። ሰማዩ ሰዓት፣ እሷ ጠቋሚው መሆኗ ነው። በጀርመን የጎቲንገን የሥነ ፈለክ ሊቅ ቶቢያስ ማየር አካሄዷን በሰንጠረዥ አስቀመጠ። የግሪንዊቹ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኔቪል ማስከላይን በዚያ ላይ ተመሥርቶ ከ1767 እ.ኤ.አ. ዓመት የሚጀምረውን «ኖቲካል አልማናክ» የተባለውን የመርከበኞች ዓመታዊ የሰንጠረዥ መጽሐፍ አወጣ። ጨረቃ ከፀሐይና ከተመረጡ ከዋክብት ያላት ርቀት በግሪንዊች ሰዓት በየሦስት ሰዓቱ ተሰልቶ ሰፍሮበታል። የጨረቃ ርቀት በዲግሪ አንድ ስድሳኛ ቢሳሳት ኬንትሮሱ በግማሽ ዲግሪ ያህል ይዛነፋል። ስለዚህ ሁለት ቀማሪዎች ለየብቻ ያሰሉት፣ ሦስተኛ ሰው ያመሳክረው ነበር። ከቀማሪዎቹ አንዷ ሜሪ ኤድዋርድስ ነበረች። ቤቷ ሆና ስትቀምር ለዓመታት ክፍያው የሚመጣው በባሏ ስም ነበር።

«የመርከበኞች ባሕረ ሐሳብ» ያሉት ያምራል፤ እኔ ግን አልመርጠውም። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ሆኖ ስሙ ተይዟል። «ባሕር»ም እዚያ የገባው የቁጥሩን ስፋት ለማሳየት እንጂ ለመርከብ አይደለም። «የመርከበኞች የፈለክ ሰንጠረዥ» ይበሉት። ሰንጠረዥ ቼዝም ነው፣ ግን ማንም አይሳሳትም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በባሕረ ሐሳብ ኬክሮስ የጊዜ መስፈሪያ ነው! አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ በዛሬ ሰዓት 24 ደቂቃ ይሆናል። በዚያች 24 ደቂቃ ምድር ስንት ትዞራለች? ልክ 6 ዲግሪ፣ ያውም የኬንትሮስ ዲግሪ። የጊዜ ስም የነበረው ቃል የግሪንዊች ሰዓት ለማያስፈልገው መስመር ደረሰው ማለት ነው። ዛሬ ስያሜው ሥር ሰዷል፣ አንነካውም። ብቻ ጽሑፍዎ ውስጥ የግእዝ ድርሳን ከጠቀሱና «ኬክሮስ» ካጋጠመዎት፣ ዲግሪ ብለው እንዳይተረጉሙት።