ስሜ ለፈተና ከሚጠሩት መካከል ለምን አይገኝም?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሒሳብ፣ ሁለተኛውን በስታቲስቲክስ ይዣለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት በአንድ የግል ኮሌጅ ሳስተምር ቆይቻለሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሌክቸረርነት ለመቀጠር በተደጋጋሚ ብመዘገብም ለፈተና እንኳ አልተጠራሁም። ጓደኞቼ «ሰው ከሌለህ አትድከም» ይሉኛል። እውነት ይሆን? ብጠራስ ፈታኞች ፊት ለሚቀርበው ማሳያ ትምህርት እንዴት ልዘጋጅ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅጥር ላይ አድልዎ ፈጽሞ የለም ብለን ልንሟገትዎት አንፈልግም፤ ይሁን እንጂ ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው እንቅፋቱ ከዚያ በፊት ያለ ይመስለናል። ብዙ ማስታወቂያዎች በተፈላጊ ችሎታ ሥር ሁለቱም ዲግሪዎች በአንድ የትምህርት መስክ እንዲሆኑ ይጠይቃሉ። «በስታቲስቲክስ የመጀመሪያና ሁለተኛ ዲግሪ» ተብሎ ከወጣ፣ ማጣሪያውን የሚያካሂደው የሰው ሀብት ሠራተኛ የሒሳብ ምሩቅ ስታቲስቲክስ ማስተማር ይችላል ወይ ብሎ አይመራመርም፤ ቃሉን ከማስረጃዎ ጋር አመሳክሮ ይጥልዎታል። ስለዚህ «ወይም ተዛማጅ» የሚል የተጨመረበትን ይፈልጉ፤ አሻሚ ሆኖ ካገኙት ምዝገባው ሳይዘጋ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ይጠይቁ። ያለአግባብ ተጣልኩ ካሉም ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ የቅጥሩን ቀን፣ የሥራ መደቡንና ደመወዙን ይግለጽ። የግል ተቋም ልምድ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ከሌለው ብዙ ጊዜ አይያዝም። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር እስኪላክ ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድመው ይጠይቁ።

ለማሳያ ትምህርቱ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ከፊትዎ የሚቀመጡትም ትምህርቱን የሚያውቁ መምህራን ናቸው። ርዕሱን እርስዎ የሚመርጡ ከሆነ «የስታቲስቲክስ ምንነት»ን የመሰለ ሰፊ ነገር ይተዉ። የናሙና ቫሪያንስ (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተራራቁ የሚያሳይ መለኪያ) ሲሰላ የልዩነቶቹ ስኩዌር ድምር በናሙናው ብዛት ሳይሆን አንድ ተቀንሶለት የሚካፈለው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ግን ለአጭር ጊዜ የተመጠነ ነው። 2፣ 4 እና 9ን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ አማካያቸው 5፣ የልዩነቶቹ ስኩዌር ድምር 26 ነው። ለ3 ቢካፈል 8.67 ገደማ፣ ለ2 ሲካፈል 13 ይሆናል። የናሙናው አማካይ ከራሱ ከናሙናው ቁጥሮች የተገኘ በመሆኑ የልዩነቶቹ ስኩዌር ድምር ከእውነተኛው አማካይ (ናሙናው ከተወሰደበት ጠቅላላ ስብስብ አማካይ) ቢለካ ከሚሆነው ያነሰ እንደሚሆን፣ ማካፈያውን መቀነስም ይህን ጉድለት እንደሚያርም ተማሪ በሚገባው መንገድ ማሳየት ከቻሉ፣ ሃያ ስላይድ ከሚያነብ ተወዳዳሪ ይልቃሉ። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ ሰው ፊት ይለማመዱ፤ ጀርባዎን ሰጥተው ሰሌዳውን አያናግሩ።

በመጨረሻም አዲስ አበባንና ባሕር ዳርን ብቻ አይጠብቁ። እንደ ደባርቅ፣ ጂንካና ቀብሪ ደሃር ያሉት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ላይም ያመልክቱ፤ ከመፈረምዎ በፊት ግን መኖሪያ ቤት ወይም የቤት አበል ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቁ።