ዲፎልት ሰጥቼው ለምን ኤረር ይለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ሰርቨሮቹን የማየው እኔ ነኝ፤ ሁሉንም በቴራፎርም (ሰርቨሮችን በኮድ የሚያዋቅር መሣሪያ) ነው የምጽፈው። "ሰርቨሮች" የሚል ማፕ (ቁልፍና ዋጋ የያዘ ዝርዝር) አለኝ። ውስጡ "ዋና" እና "ሙከራ" አሉ፣ በነሱ ስር ጅማ፣ አጋሮና ሰርቦ፣ በያንዳንዳቸው ስር ደግሞ የዲስክ መጠን። ዲስክ ካልተጻፈ 50 ጊጋ እንዲወስድ ብዬ፦

ሉክአፕ(ሰርቨሮች["ሙከራ"]["አጋሮ"], "ዲስክ", 50)

አልኩት፤ ሉክአፕ ከማፕ ውስጥ ቁልፍ ፈልጎ የሚያወጣ፣ ካጣው ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለውን ዲፎልት የሚሰጥ ነው። ሙከራ ውስጥ አጋሮን ገና አላስገባሁም። 50ውን ይሰጠኛል ስል ቁልፉ የለም ብሎ ፕላኑን (ምን እንደሚቀየር ቀድሞ የሚያሳየውን ደረጃ) ያቆመዋል። ዲፎልቱ ታዲያ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?
ግራ የገባት፣ ከጅማ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እዚህ ጋ ያልተደናቀፈ የለም። (የቴራፎርሙን ቃላት በኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ፋይሉ ላይ በላቲን ናቸው።)

ቴራፎርም ሉክአፕን ከመጥራቱ በፊት የሰጠሽውን ማፕ ማውጣት አለበት። "ሙከራ"ን ያገኛል። "አጋሮ"ን ይፈልጋል፣ የለም፣ እዚያው ቆመ። ሉክአፕ ገና አልተጠራም፣ 50ውንም አላየውም። ዲፎልቱ የሚሸፍነው የመጨረሻዋን ቁልፍ ብቻ ነው። ሹፌር አጋሮ ልከሽ "መጋዘኑ ውስጥ የታጠበ ቡና ካጣህ ደረቁን ጫን" እንዳልሽው ቁጠሪው፤ ሰውየው ሲደርስ መጋዘኑ ራሱ ከሌለ ምን ይጫን?

መንገዱን ሙሉ ለሙሉ ለትራይ ስጪው፤ የመጀመሪያው ኤረር ካመጣ ቀጣዩን ይመልሳል፦

ትራይ(ሰርቨሮች["ሙከራ"]["አጋሮ"]["ዲስክ"], 50)

ከቁልፎቹ የትኛውም ቢጎድል 50 ይመለሳል። ትራይ የገባው በቴራፎርም ቨርዥን 0.12.20 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው ሉክአፕ ውስጥ ሉክአፕ፣ በዲፎልቱ ቦታ ባዶ ማፕ እየከተተ ነበር የሚኖረው፣ ለማንበብ ራስ የሚያዞር ነገር።

ግን ትራይን በየቦታው እንዳትረጪው! ስህተትሽንም አብሮ ይውጠዋል። እኔን የበላኝ የኛው ፊደል ነው፦ ፋይሉ ላይ "ሠርቦ" ብዬ ኮዱ ላይ "ሰርቦ" ብዬ ጠራሁ። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለቴራፎርም ግን ሁለት የተለያየ ቁልፍ። ትራይ ምንም ሳይል ዲፎልቱን ሰጠኝ፣ እኔም 200 ጊጋ የጠየቅኩ መስሎኝ ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ በ50 ጊጋ ስሠራ ከረምኩ። ኤረር ቢሰጠኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ አልቆ ነበር።

ስለዚህ "ዋና" ላይ ቅርንጫፍ ሲጎድል ይጩህ፣ ተዪው። ዲስክ ብቻ ሊጎድል የሚችል ከሆነ ቬሪያብሉን ስታውጂ ታይፑ ላይ ዲስክን ኦፕሽናል(ነምበር, 50) በይው፤ ቁጥር ነው፣ ካልተጻፈ 50 ይሁን ማለት ነው። ይህ ዲፎልት ያለው ኦፕሽናል የመጣው በ2022 በወጣው 1.3 ነው፣ ቨርዥንሽ ከዚያ ካነሰ አይሠራም። ከዚያ በኋላ ያለ ሉክአፕም ያለ ትራይም በቀጥታ ትጠሪዋለሽ፤ ቅርንጫፉ እስካለ ድረስ ዲስክ ሁሌም አለ፣ ቅርንጫፉ ከሌለ ግን ኤረሩን ታያለሽ።

አፕላይ ከማለትሽ (ለውጡን ሥራ ላይ ከማዋልሽ) በፊት ደግሞ ቴራፎርም ኮንሶልን (ኮዱን የምትጠይቂበትን መስኮት) ከፍተሽ ኪይስ(ሰርቨሮች["ዋና"]) ብለሽ ጠይቂው። ያሉትን ቁልፎች ዘርዝሮ ያሳይሻል። በየትኛው ሰ እንደጻፍሽም እዚያው ታይዋለሽ።