ክረምት፣ ጭጋግና ሥዕል፦ የወሎ ሰዎች ጥያቄና መልሶቼ

ሰኔ ተጋምሶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደሴ ጭጋጓን ትለብሳለች። የጦሳ ተራራ ጠዋት ብቅ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ የለም። የጥያቄ ወቅቴም ይኸው ነው። ለብዙ ዓመት ሥዕል ሳስተምር ስለኖርኩ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያገኘኝ ሁሉ «መምህር፣ ልጆቹ ቤት ዋሉ፤ ምን ላሳያቸው?» ይለኛል። ዘንድሮ ጥያቄዎቹን በወረቀት ያዝኳቸው። የማውቀውን ሰፋ አድርጌ፣ ሌላውን በአንድ መስመር እመልሳለሁ።

ውጭ አገር ሙዚየሞች ትልልቅ ዐውደ ርእይ የሚከፍቱት በሐምሌና በነሐሴ ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ዝናብ ነው። ወሎ ውስጥ በዚህ ወቅት የሚታይ ነገር አለ?

አለ፤ ነገር ግን በፈረንጅ ሚዛን አትፈልገው። እዚያ ሐምሌ ፀሐይ ነው፤ ሰው ለእረፍት ይወጣል፣ ሙዚየሙም ለእንግዳ ይዘጋጃል። እኛ ዘንድ ሐምሌ ገበሬው ማሳ ላይ፣ መንገዱ ጭቃ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሥዕል የሚሰቅሉ ጋለሪዎች አዲስ አበባ ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሠዓሊ አዳራሽ ለምኖ ለጥቂት ቀን ይሰቅላል፣ ያወርዳል፤ ወሬው የሚደርስህ ከወረደ በኋላ ነው።

የወሎ ትልቁ የክረምት ትርኢት ግን አዳራሽ አይፈልግም። ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ላስታ ላሊበላ አሸንድዬ ይባላል፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ዋግ ሻደይ። ልጆችህን ውሰዳቸውና ጭፈራውን ብቻ አታሳያቸው፤ ሹሩባውን ከኋላ ያስተውሉት። ከግንባር ተነሥቶ ወደ ማጅራት የሚወርደው መስመር በየአካባቢው ይለያያል፤ ከወገብ የታሰረው ለምለም ቅጠልም ሲዘሉ እንዴት እንደሚበተን ይዩት። እኔ ተማሪዎቼን ስለ ምት ያስተማርኩት በዚያ ቅጠል ነው።

የደሴው ሙዚየም እንዴት ሆነ? ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ያየኸው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩን መኖሪያ ነው፤ ሙዚየም የተደረገው እርሱ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ተዘርፏል። ከመሄድህ በፊት ምን ለእይታ ክፍት እንደሆነ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቅ። ለእኔ ግን ቤቱ ራሱ ይታያል፤ ዕቃ ባይኖርበት እንኳ ግድግዳና በሩ ስለ ወሎ መኳንንት አኗኗር ይናገራል። እግረ መንገድህን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ እይ። ስሙን ለልጆችህ አስረዳቸው፤ ግብር ሲበላ ማንንም ሳይጠየፍ የሚያስገባ ማለት ነው።

ከወልድያ ነኝ። ከእኛ ከተማ የወጣ ታዋቂ ሠዓሊ አለ?

አለ እንጂ፤ ታደሰ መስፍን። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚያው ወልድያ ነው የተወለደው። በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የገብረ ክርስቶስ ደስታ ተማሪ ነበር፤ ከዚያ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ተመለሰና እዚያው አስተማሪ ሆኖ ትውልድ አፈራ።

ሥራውን ካላየህ በስልክህም ቢሆን ፈልገው። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ሥዕሎቹ የሚያቆማቸው የጉልት ሴቶችን ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም መሬት ላይ ደርድረው የሚሸጡትን። ጉልት ስንል እኛ የምናስበው የተቀመጠች ሴት ነው፤ እርሱ ግን አቁሟቸዋል፤ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ እንደ ቤት ምሰሶ። ከኋላቸው ሱቅም መንገድም የለም፤ ቀለም ብቻ ነው። ዳራውን ሲያነሣው ሴቶቹ የሚከለሉበት ያጣሉ፤ ሽንኩርቷን ልትገዛ ያጎነበስክባትን ሴት ቀና ብለህ እንድታያት ያስገድድሃል። እነዚህ ሥዕሎች ለንደን ድረስ ታይተዋል። ወልድያ ገበያ የምትውል እናት አይታቸው ምን እንደምትል ለመስማት ግን የበለጠ እጓጓለሁ።

የ66ቱን ረሃብ የሳለ ኢትዮጵያዊ አለ?

እሸቱ ጥሩነህ። የረሃቡን ሰለባዎች በትልቅ ሸራ የሳለው ገና ወጣት ሳለ፣ ቁስሉ ሳይጠግግ ነው።

ላሊበላ የምንውለው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሁለት ልጆች ይዘናል። 11ዱንም እናዳርሳለን?

እቱ፣ አትሞክሩት። ልጆቹ ከአራተኛው በኋላ ድንጋይ ብቻ ነው የሚታያቸው። ቤተ ማርያም ገብታችሁ ቆዩ። ከምዕራቡ በር በላይ የተቀረጹትን ፈረሰኞች ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ያግኙ፤ አንቺ አትጠቁሚያቸው። ከዚያ ውስጥ ገብታችሁ ቀና በሉ፤ ጣሪያውና የግድግዳው ላይኛ ክፍል በሥዕልና በሐረግ ተሞልቷል። በጨርቅ የተሸፈነው ዓምድ ጋ ሲደርሱ «ምን ተጽፎበታል?» ብለው ይጠይቁሻል። ካህኑ ይመልሱላቸው።

ሌላ ቀን ካገኛችሁ ግን ገነተ ማርያም ሂዱ። ከአንድ ቀላ ያለ አለት ተፈልፍላ ዙሪያዋን በዓምድ የተከበበች ናት፤ በግድግዳዋ ላይ ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሥዕሎች አሉ። ከነቢያቱና ከቅዱሳኑ መካከል ዐፄ ይኩኖ አምላክ ተስሏል። ቀለሙ ብዙ ቦታ ላይ ደብዝዟል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ምንም አይታያችሁም። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሙ፤ መጀመሪያ ዓይን ይወጣል፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ የልብሱ ጥለት። የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ቸኩዬ «ጠፍቷል» ብዬ ወጥቼ ነበር፤ አንድ ዲያቆን ነው እጄን ይዞ የመለሰኝ።

ይምርሐነ ክርስቶስም ዋሻ ውስጥ ስላለ ዝናብ አያስቸግራችሁም፤ የመንገዱን ነገር ግን የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ። ይህን ለሁሉም የገጠር ጉዞ እላለሁ፤ ጭቃውም ጸጥታውም በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ አንዳንዱ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ያለው ለምንድን ነው?

በጎን ስለተሳለ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል፤ ሁለት ዓይኖቹም ይታያሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳና ሰቃዮቹ በጎን ናቸው። ልጆችን «ክፉው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ማንበብ ሳይችሉ ይለያሉ። ሠዓሊውም የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ሐይቅ እስጢፋኖስ መሄድ እፈልጋለሁ። ሴት ነኝ።

የወንዶቹ ገዳም ሴት አያስገባም፤ ሳታውቂ ደክመሽ እንዳትመለሺ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስፋፉት የትምህርት ማዕከል ነው፤ በስማቸው የሚጠራው ሥዕላዊ ወንጌል ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቁት የአገራችን ጥንታዊ ሥዕላዊ መጻሕፍት አንዱ ነው። ወንድምሽን ላኪው፤ ያየውን በቃሉ ይንገርሽ። ሐይቁ ዳር የምትጠጪው ቡና ግን ማንም አይከለክልሽም።

እኔ ሙስሊም ነኝ። የሰው ምስል መሳል አይወደድም። ለእኔ ምን የሚታይ አለ?

አብሽር፣ ለአንተም ሞልቷል። ፍርዱን ለሼኾቹ ትቼ ስለ እጅ ሥራ ልንገርህ። የወሎ ዑለማ መንዙማቸውን በዐጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ ጽፈው ያቆዩ ናቸው። እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው ካወቅህ ፈቅዶልህ ስታይ ቃሉን ብቻ አታንብብ፤ ጥቁሩ ቀለም የት ላይ ወደ ቀይ እንደሚለወጥ፣ ጸሐፊው የኅዳጉን ማስታወሻ እንዴት አዙሮ እንደጻፈው ተመልከት። ገጹ ራሱ ንድፍ ነው።

ከዚያ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረድ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ይገናኙበታል፤ ስፌቱ፣ ሸክላው፣ ጌጡ አጠገብ ላጠገብ ነው። አንድ ሰፌድ ገልብጠህ እይ። ፊቱ ያማረ ብዙ ነው፤ ጀርባውም ያማረ ከሆነ ሰፊዋ ባለሙያ ናት።

ረቂቅ ሥዕል አይገባኝም። ይህን ልጄም ይስለዋል።

ያስሉት፣ ከዚያ ያምጡልኝ። አልቀልድም። ትንሽ ልጅ ቀለም ይበትናል፤ ችግሩ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይቀጥላል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቅ ነበር። አዲስ አበባ ከሄዱ በስሙ የተሰየመው የዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገብተው አንድ ሥዕል ብቻ ይምረጡ፤ ፊቱ ለአሥር ደቂቃ ይቁሙ። ካልወደዱት አልወደዱትም፤ እኔም የማልወዳቸው አሉ።

እኛ ወጣቶች በነሐሴ ደሴ ላይ ዐውደ ርእይ ልናዘጋጅ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

ርጥበት። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ በሐምሌ የተማሪዎቼን ሥራ አንድ አዳራሽ ሰቀልን፤ በሦስተኛው ቀን የውሃ ቀለሞቹ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተጠቅልለው አገኘናቸው፤ ከውጭው ግድግዳ ጋር የተጣበቁት ደግሞ ከጀርባቸው ሻጋታ ጀምሯቸዋል። የአዳራሹ ጥፋት አልነበረም፣ የእኔ ነበር።

ስለዚህ ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ግድ ከሆነ በፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን የጠርሙስ ቡሽ ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ አየር ይዙር። ሥዕል በላስቲክ ጠቅልላችሁ አታሳድሩ፣ ውስጡ ያልበዋል። ወረቀት ላይ የተሠራ ሥዕል መስተዋቱን እንዳይነካ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር። ክፍሉን ለማድረቅ ብላችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ጭሱ ሥዕሉን፣ መርዙ እናንተን ይጎዳል።

ሸራው ከረገበ ደግሞ አትደንግጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ነቅሎ እንደገና አጥብቆ ይመታዋል። በነሐሴ እንደ ከበሮ የወጠራችሁት ሸራ ታኅሣሥ ደረቅ አየር ሲመጣ ከመጠን በላይ ይሳብና ቀለሙ ይሰነጠቃል። እንጨቱ ማዕዘን ላይ ሽብልቅ ካለው ጥቂት መታ መታ አድርጉት፤ ከሌለው ተዉት፣ ሲደርቅ ይመለሳል።

የሥዕሉ መሐል ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሁን። እባካችሁ ሁሉንም ሥራችሁን አትስቀሉ። ሠላሳ ካላችሁ አሥራ ሁለቱን ምረጡ፤ የቀሩት አሥራ ስምንቱ ይቀየሟችሁ።

ሥዕል መግዛት እፈልጋለሁ፤ እንዳልታለል።

ሠዓሊው ካለ ራሱን አነጋግረው። በምን ቀለም፣ በምን ላይ እንደሠራው ጠይቅ፤ ፊርማውን እይ፤ የሥራው ስም፣ ዓመቱና ዋጋው ያለበት ወረቀት ተቀበል። ጋለሪ ከሽያጩ ድርሻ እንደሚወስድ እወቅ፣ እስከ ግማሽ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ስትከራከር የምትቀንሰው ከማን ኪስ እንደሆነ አስብ። ከሶፋህ ቀለም ጋር ስለገጠመ ብቻ ከሆነ ግን መጋረጃ ግዛ።

የመቅደላው ዕቃ ለንደን ላይ ለእይታ ቀርቦ ነበር የተባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። መጋቢት 2010 ዓ.ም. የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ከዓመት በላይ አቆይቶታል። የወርቅ አክሊልና ጽዋ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ጥልፍ ቀሚስ ነበሩበት።

መቅደላ የእኛው ደቡብ ወሎ ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ አወጣው። ከገዢዎቹ አንዱ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። በዚያው ሙዚየም ዛሬም ማንም የማያያቸው 11 ታቦታት ተቆልፈዋል። የቪክቶሪያና አልበርቱ ኃላፊ በበኩላቸው ዕቃዎቹን በረጅም ጊዜ ውሰት ለኢትዮጵያ ስለ መስጠት ተናግረው ነበር። ሐራጁ የወጣበት ደላንታ ያሉ አዛውንት ይህን ስነግራቸው «የራሴን በሬ ሊያውሰኝ?» ብለው ሳቁ።

ሙሉ በሙሉ የደረቀ ነገር ግን አይደለም፤ የቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል። ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም በ1989 ዓ.ም. የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀልም ከቤልጅየም መጥቷል።

ልጄ ቀኑን ሙሉ ይስላል። የት ላስተምረው?

ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዋናው ነው። መግቢያው የመሳል ፈተና አለው፤ ስለዚህ ከፎቶ መገልበጡን ይተውና ጀበናውን፣ ጫማውን፣ የተኛችውን ድመት እያየ ይሳል። የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ አንድ ጊዜ ይዘሽው ሂጂ፣ እዚያ የሚያየው ከእኔ ምክር ይበልጣል።

ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

ጠይቅ። ቢፈቀድልህም ፍላሹን አጥፋ፤ ብርሃኑ ለጥንታዊ ቀለም አይበጅም፣ የሚጸልየውንም ሰው ይረብሻል።

ዣንጥላዬንስ?

በር ላይ ይቅር። ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ሰውዬ የሚንጠባጠብ ዣንጥላ በብብታቸው ይዘው ወደ ኋላ ሲሸሹ ጫፉ የአንዲት ተማሪዬን ሸራ ነካ። «ይህ የቀለም ጠብታ ነው ወይስ ውሃ?» ብለው ራሳቸው ጠየቁኝ። ውሃ ነበር።