አዲስ አይ3 ከድሮ አይ7 ይበልጣል?

አዎ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። አይ3ም አይ7ም የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያሰሉ ዋና ቺፖች፣ ናቸው። «ከአይ7 2600 ወደ አይ3 12100 ብሄድ ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም ወይ?» ላልከው፣ አይሆንም። አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለው ደረጃ የሚሠራው በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. የ2011ን ፕሮሰሰር ከ2022ቱ ጋር አያወዳድርልህም።

ጊጋኸርዙም (ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ የሚናገረው ቁጥር) እንዳያሳስትህ። ሁለቱም 4 ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች) እና 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዷቸው የሥራ መስመሮች) አላቸው፤ መነሻ ፍጥነታቸው 3.4 እና 3.3 ጊጋኸርዝ ነው፤ እንዲያውም የድሮው በጥቂት ይበልጣል! ልዩነቱ ያለው በእያንዳንዱ ምት በሚሠራው ሥራ ብዛት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል እየቆጠሩ ሲራመዱ የአንዱ እርምጃ ሰፊ ነው እንደማለት። በዚያ ላይ አዲሱ ሲፈጥን 4.3 ይደርሳል፤ የድሮው 3.8 ላይ ይቆማል። በአንድ ኮር ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ልዩነቱ እጥፍ ገደማ ነው።

ራስህ ማየት ከፈለግህ የነጠላ ኮርና የሁሉም ኮር ውጤቶችን ለየብቻ አወዳድር፤ መለኪያ ፕሮግራሙ ግን አንድ ዓይነት፣ ስሪቱም አንድ ይሁን።

ፕሮሰሰሩን ብቻ ገዝተህ አትገላገልም። ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚገጠምበት ቦታ) ከ1155 ወደ 1700 ስለተለወጠ ማዘርቦርዱም (ዋናው ሰሌዳ) ይቀየራል፤ ዲዲአር3 የሚባለው የድሮ ዓይነት ራምህም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) አይገባለትም።

ከቁጥሩ መጨረሻ «ኤፍ» ያለበትን ተጠንቀቅ። እኔ ሳላስተውል እሱን ገዝቼ ስክሪኑ ጨለማ ሆነብኝ። ግማሽ ቀን ኬብል ስቀያይር ከቆየሁ በኋላ ነው የራሱ ግራፊክስ (ምስል ወደ ስክሪኑ የሚያወጣ ክፍል) እንደሌለው የገባኝ። የግራፊክስ ካርድ ከሌለህ ኤፍ የሌለውን ውሰድ።