እየተወለወለች የምትግል ፒካፕ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ናፍታ የምትጠጣ አሮጌ ሃይሉክስ አለችኝ፣ እንጀራዬ እሷ ናት። ዕቃ ይዤ ወደ አለማያ እወጣለሁ፣ ድንችና ሽንኩርት ጭኜ ቀፊራ ገበያ አወርዳለሁ። ማታ ሳልወለውላት እንቅልፍ አይወስደኝም። ሞተሯን ሳይቀር በናፍታ አጥባለሁ። ጓደኞቼ «ልታገባት ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ታዲያ እንዲህ እየተንከባከብኳት የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ለምን ትግላለች? ራዲያተሯን እንደሆነ በየቀኑ የቧንቧ ውሃ እሞላለሁ።

መልስ፦ አቦ ይሳቁ፣ ተዋቸው! መኪናቸው መንገድ ላይ ስትቆም የሚደውሉት ላንተው ነው። በመኪናህ መኩራትህ ደስ ይላል፣ ግን ኩራትህ የሚታየው ላይ አተኮረ።

«በየቀኑ እሞላለሁ» ያልከው ላይ ቆም በል። የራዲያተር ውሃ እዚያው ነው የሚዞረው፣ በየቀኑ ሊጎድል አይገባም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ይወጣል ማለት ነው። የጎማ ቱቦዎቹን፣ የውሃ ፓምፑን፣ በተለይ ደግሞ ክዳኑን እይ። ክዳን ሲባል ሰው ይንቀዋል እንጂ ግፊቱን የሚይዘው እሱ ነው፣ ውሃው 100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ የሚቆየው በዚህ ግፊት ነው። አለማያ ከባህር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ናት፣ እዚያ ከፍታ ላይ ግፊት የሌለው ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ክዳኑ ከላላ ደንገጎ ላይ ጉድ ትሆናለህ።

ደግሞ የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ያ ነጭ ቅርፊት ራዲያተርህም ውስጥ እየተጋገረ ነው። አሳጥበውና ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል አድርገህ ሙላ። ክዳኑን የምትከፍተው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። በጋለበት ከከፈትከው ፊትህን ነው የምታጣው። የራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች መሃል የገባውን አቧራና ገለባም ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በአየር አስነፋው።

በናፍታ ማጠቡን ግን ዛሬውኑ አቁም። ናፍታ የጎማ ቱቦና ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ያበላሻል፣ የሚቀረው ቅባት ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። ሞተሩ ሲበርድ በሳሙና የረጠበ ጨርቅ ይበቃል። ያንን የማታ ሰዓትህን ለአየር ማጣሪያው ስጠው፣ የኛ አቧራ አይምርም።

ድንች ጭነህ ስትወርድስ? ናፍታ ለመቆጠብ ማርሽ ነጻ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር አለ፣ እኔ እንደዛ ካለ ሰው ጋር አልሳፈርም። በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑን ሙሉውን ቁልቁለት ረግጠህ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይግልና በፈለግከው ሰዓት አይዝልህም።

ይህን ሁሉ አድርገህም ውሃው ከጎደለ የዘይት መለኪያዋን ምዘዝ። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ወይም ጭሷ ነጭ ሆኖ ከቀጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ አለማያን እርሳት፣ በቀጥታ ወደ መካኒክ።