ጠይቁን፦ የተደበቀው መስኮት የት ገባ?

በዚህ እትም ሶስቱም ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፣ ሶስቱም ደሞ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ሲደበቅ ወይ ሲመለስ ስለሚያስቸግር መስኮት ስለሆኑ አንድ ላይ አረግናቸው። ከመጀመራችን በፊት፣ ዊንዶው እና ዊንዶውስ እንዳይምታቱባችሁ ፕሮግራሙ የሚታይበትን መስኮት እንለዋለን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ደሞ ዊንዶውስ።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ። ለአጎቴ የህንፃ መሳሪያ መደብር የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም በኤሌክትሮን (በዌብ ቋንቋዎች የዴስክቶፕ ፕሮግራም መስሪያ) ሰርቼለት ነበር። ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ራሱ ባክአፕ እንዲያረግ ስለፈለኩ የኤክሷ ምልክት ስትጫን እንዳይዘጋ ሃይድ አረኩት። ታዲያ ሂሳብ ተቀባይዋ መስኮቱ ሲጠፋባት ተዘጋ ብላ ከዴስክቶፑ ላይ ደግማ ትከፍተዋለች፣ አንድ ቀን ሄጄ ሳይ ሶስት ቦታ ተከፍቷል፣ ማታ ሶስቱም ባንዴ ባክአፕ ሲያረጉ ፋይሉ ተበላሽቶ ነበር። የጓደኛዬ ማክ ላይ ደሞ አንዴ ከተደበቀ ዶኩ (የማክ የአይከኖች መስመር) ላይ ብጫነው ብጫነው አይመለስም። ምን ላርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ እሷ ምንም አላጠፋችም፣ መስኮት ከታስክባር ላይ ከጠፋ ማንም ሰው ተዘጋ ነው የሚለው። ሚኒማይዝ፣ ሃይድ እና ክሎዝ ሶስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሚኒማይዝ ያረከው መስኮት ታስክባር ላይ አለ፣ ሃይድ ያረከው ግን ከታስክባሩም ከኦልት ታብም ይወጣል፣ ፕሮግራሙ ግን ከኋላ እየሰራ ነው፣ ክሎዝ ሲሆን ደሞ መስኮቱ ራሱ ይፈርሳል። የክረምት ጉም ጣርማ በር ላይ ሲወርድ አይተህ ከሆነ፣ ከፊትህ ያለው አይሱዙ አይታይህም እንጂ እዛው አለ አይደል፣ ሃይድ ማለት እንደዛ ነው፣ ለዛም ነው በጉም የሚሄድ ሹፌር መብራት የሚያበራው። ያንተ ፕሮግራም መብራት ሳያበራ ነው ጉም ውስጥ የገባው።

መብራቱ ትሬይ ላይ የምታስቀምጠው አይከን ነው፣ ሰዓቱ አጠገብ ያሉት ትናንሾቹ ማለቴ ነው። አይከኑን የያዘውን ቫሪያብል ፈንክሽን ውስጥ ብቻ ካወጅከው ትንሽ ቆይቶ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማይፈለግ ሜሞሪ የሚያፀዳው) ይወስደውና አይከኑ ከስክሪኑ ይጠፋል፣ ብዙ ሰው በዚህ ቀኑን ሙሉ ይለፋል፣ ስለዚ ከላይ ግሎባል አርገው። አይከኑ ላይ ሜኑ አርግና "ክፈት" እና "ጨርሰህ ዝጋ" የሚሉ ሁለት ነገሮች አስገባ፣ በአማርኛ ይሁን፣ የሚጠቀሙበት እነሱ ናቸው። ክሊክ ብቻ ላይ አትደገፍ ምክንያቱም ሊኑክስ ላይ ክሊኩ ለፕሮግራምህ ላይደርስ ይችላል፣ ሜኑው ግን ይሰራል።

ሁለተኛው፣ ሶስት ቦታ እንዳይከፈት ሪኩዌስት ሲንግል ኢንስታንስ ሎክ የሚባለውን ገና ፕሮግራሙ ሲነሳ ጥራው። ፎልስ ከመለሰልህ ሌላ ቅጂ አስቀድሞ እየሰራ ነው ማለት ስለሆነ አዲሱ ወዲያው ይውጣ፣ የመጀመሪያው ደሞ ሰከንድ ኢንስታንስ የሚል ኢቨንት (አንድ ነገር ሲሆን ለፕሮግራሙ የሚመጣ መልእክት) ይደርሰዋል፣ እዛ ጋ መስኮቱ ሚኒማይዝ ከሆነ ሪስቶር፣ ከዛ ሾው፣ ከዛ ፎከስ ትለዋለህ። ሶስቱንም በል፣ ሪስቶር የሚመልሰው ሚኒማይዝ የሆነውን ነው፣ የተደበቀውን የሚያወጣው ሾው ነው። እንዲህ ስታረገው ልጅቷ ከዴስክቶፑ ላይ ደግማ ብትከፍተው እንኳን ያው የቀድሞው መስኮት ይመጣላታል፣ ለኔ ከሁሉም በላይ ይሄ ነው የሚሻለው ምክንያቱም እሷ ምንም አዲስ ነገር መማር የለባትም።

ሶስተኛው፣ ክሎዝ ኢቨንት ላይ ፕሪቨንት ዲፎልት (መዘጋቱን ተወው) ብለህ ሃይድ ስታረግ መጀመሪያ "እየወጣን ነው ወይ" የሚል አንድ ቫሪያብል ፈትሽ፣ ቫሪያብሉን ቢፎር ኩዊት (ፕሮግራሙ ሊወጣ ሲል የሚመጣ ኢቨንት) ላይ ትሩ ታረገዋለህ። እሱ ከሌለ "ጨርሰህ ዝጋ" ቢባል እንኳን ፕሮግራሙ ይደበቃል እንጂ አይወጣም፣ ማክ ላይማ ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ ራሱ ሊይዘው ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ግን ኮምፒውተሩ ሹትዳውን ወይ ሪስታርት ሲደረግ ቢፎር ኩዊት አይጠራም፣ ስለዚ ሽያጭ ሴቭ ማረግን ለመውጫ ሰዓት አታቆየው፣ እያንዳንዱ ሽያጭ እንደተመዘገበ ዲስክ ላይ ይግባ። መብራት ድንገት ሲሄድስ ማን ቢፎር ኩዊት ይጠራልሃል?

የማኩ ቀላል ነው። ማክ ላይ መስኮት ተዘጋ ማለት ፕሮግራም ተዘጋ ማለት አይደለም፣ ተጠቃሚው ዶኩን ሲጫን አፑ አክቲቬት የሚል ኢቨንት ያገኛል፣ አንተ እሱን አልሰማኸውም። እዛ ጋ መስኮቱ ካለ ሾው፣ ከሌለ አዲስ ፍጠር። ኮማንድ ኤች (የማክ የመደበቂያ ቁልፍ) ደሞ አንዱን መስኮት ሳይሆን ሙሉ አፑን ነው የሚደብቀው፣ እሱን ሲስተሙ ራሱ ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከኡቡንቱ ውጪ በሆነ ሊኑክስ ከሞከርከው አይከኑ ላይታይህ ይችላል። ግኖም (አንዱ የሊኑክስ ዴስክቶፕ) ከ3.26 ጀምሮ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ የድሮውን ትሬይ አውጥቶታል፣ ኡቡንቱ ላይ የምታየው ኡቡንቱ የራሱን ኤክስቴንሽን ስለጨመረበት ነው። ትሬይ በሌለበት ቦታ ሃይድ አታርግ፣ ሚኒማይዝ አርግ።

ጥያቄ፦ የሽንኩርትና የማሾ ግዢ የምመዘግብበት ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ቲኪንተር (የፓይተን መስኮት መስሪያ) ሰርቻለሁ። ሲዘጋ መስኮቱ የነበረበትን ቦታ ፋይል ላይ ይፅፋል፣ ሲከፈት እዛው ይመጣል። አንድ ጠዋት ብከፍተው ታስክባር ላይ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ግን የለም። አጥፍቼ ባስነሳውም ያው ነው። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ፋይሉን ክፈተውና ቁጥሩን እየው፣ ማይነስ 32000 የሚል ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ዊንዶውስ ሚኒማይዝ የሆነን መስኮት እዛ ሩቅ ቦታ ነው የሚያስቀምጠው፣ አንተ ሚኒማይዝ እንዳለ ከታስክባሩ ላይ ዘጋኸው፣ ፕሮግራምህም ያንን ቁጥር እንደ እውነተኛ ቦታ ፃፈው። ለአሁኑ ፋይሉን አጥፋውና ክፈት፣ ይመጣል። ለዘለቄታው ቦታውን የምትፅፈው የመስኮቱ ስቴት ኖርማል ሲሆን ብቻ ይሁን፣ አይኮኒክ (ሚኒማይዝ የሆነ) ወይ ዊዝድሮውን (የተደበቀ) ከሆነ የድሮውን ቁጥር ተወው። ስታነብም ቁጥሩ ስክሪኑ ውስጥ መሆኑን ፈትሽ፣ ሁለተኛ ሞኒተር ተሰክቶ የነበረ ሰው ሲነቅለውም ልክ እንዲህ ነው የሚጠፋው። በኤሌክትሮን የምትሰሩ ጌት ኖርማል ባውንድስ አለላችሁ፣ በኪዩት (ሌላ የመስኮት መስሪያ) ደሞ ሴቭ ጂኦሜትሪ እና ሪስቶር ጂኦሜትሪ። ሊኑክስ ላይ ዌይላንድ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ሲስተም) ከሆነ ግን ፕሮግራሙ የራሱን ቦታ ማወቅም መምረጥም አይፈቀድለትም፣ እዛ ላይ መጠኑን ብቻ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ በኪዩት የሰራሁት ፕሮግራም ትሬይ ላይ ተደብቆ ይቆያል። ሁለት ችግር አለብኝ፣ ስመልሰው ማክሲማይዝ የነበረው ትንሽ ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንዴ ደሞ ተደብቆ እያለ ማሳሰቢያ አሳይቶ ኦኬ ስል ሙሉ ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ ኤረር እንኳን የለውም። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለተኛው ኤረር የሌለው ክራሽ ስላልሆነ ነው። ኪዩት የመጨረሻው የሚታይ መስኮት ሲዘጋ ፕሮግራሙ ይውጣ የሚል ዲፎልት አለው፣ ዋናው መስኮት ስለተደበቀ የሚታየው ያቺ የማሳሰቢያ ሳጥን ብቻ ነበረች፣ እሷን ስትዘጊ ስራው አለቀ ብሎ ወጣ። አፕሊኬሽኑ ላይ ሴት ኩዊት ኦን ላስት ዊንዶው ክሎዝድን ፎልስ አርጊው፣ መውጫውን ደሞ ትሬይ ሜኑው ላይ ራስሽ አስቀምጪ። የመጀመሪያው ሾው ኖርማል ስለምትጠሪ ይመስለኛል፣ እሱ ማክሲማይዙንም አብሮ ያነሳዋል። በሱ ፋንታ ከዊንዶው ስቴቱ ላይ ሚኒማይዝድ የሚለውን ብቻ ቀንሺ፣ ከዛ ሾው፣ ሬይዝ፣ አክቲቬት ዊንዶው በዚህ ተራ ጥሪያቸው። ዊንዶውስ ላይ ተጠቃሚው ሌላ ነገር እየፃፈ እያለ ያንቺ መስኮት ዘሎ ፊት ካልመጣና ታስክባሩ ላይ ብቻ ብልጭ ብልጭ ካለ አትጨነቂ፣ ሲስተሙ ሆን ብሎ ነው የሚከለክለው፣ ተጠቃሚው ራሱ ትሬዩን ሲጫን ግን ይመጣል።